እጅ ሳይፈራ የሚሄድበት

ለሰው ዕድሜን በስፍር የሚሰጥ፥ የስፍሩንም መጨረሻ ለማንም ያላሳየ እግዚአብሔር ይህን ነገር ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። እኛ የምናውቀው ከሁለተኛው የሐዘን ቀን ጀምሮ ነው። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ የሟቹ አናጢ ልጅ በለቅሶ ደራሾች መካከል ተቀምጣ የወንበሯን ክንድ በአውራ ጣቷ ታሽ ነበር።

«ተይ እንጂ ልጄ፤ ወንበሩ የኪራይ ነው» አሉ አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው።

«ሸካራ ነው።»

«ይሁና! ለቅሶ ነው የተቀመጥነው ወይስ ወንበር ልንገዛ ነው የመጣነው?»

አክስቲቱ የሟቹ ታናሽ እኅት ናቸው። ልባቸው ደግ ነው፤ አፋቸው ግን ልጓም አያውቅም። ልጂቱ እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረችው። ጣቶቿ ሥራ ፈትተው መቀመጥን አልለመዱም ነበርና ወዲያው የቀሚሷን ጠርዝ ማፍተልተል ጀመሩ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ከማዶ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። «ነፍሳቸውን ይማርና» አለ፤ «የእኔን የመቍረጫ ጠረጴዛ ስድስት ወር ነው ያስጠበቁኝ። ደረሰ ወይ? ይቀረዋል። ልውሰደው ወይ? ይቀረዋል። ትናንት እኮ መቃብሩ ሲቈፈር፥ ከሣጥኑ ውስጥ ‹ቈይ፥ ይቀረዋል› የሚሉ መስሎኝ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር!»

ለቅሶተኛው ሳቁን በመዳፉ አፈነ። አንዳንዱ አፍኖም አልቻለ። በሰፈሩ ሟቹን በስማቸው የሚጠራ አልነበረም፤ ለሁሉም ጋሽ ይቀረዋል ነበሩ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ሴት ከበር አጠገብ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ተሰማች፤ «ከትናንት በስቲያ ከልጅቱ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ። በማግሥቱ ክልትው።»

ልጂቱ ይህን ሰማች። ሰምታም ቀና አላለችም። ከአባቷ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቃል ነበር።

ከትናንት በስቲያ አመሻሽ ላይ የደረጃ መደገፊያ ተሸክማ ወደ አባቷ ቀረበች። ከቤታቸው ሁለት የአውቶቡስ ማቆሚያ ርቆ ላለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚሠራ መደገፊያ ነው፤ አራት ቍራጭ ሆኖ ሦስቱ ተሰቅለዋል፥ ይህ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። ዘጠኝ ቀን ደክማበታለች። በመላጊያ ልጋዋለች፥ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምራ በደቃቁ ጨርሳለች፤ በእርጥብ ጨርቅ አርሳ የእንጨቱ ጠጉር ሲነሣ እንደ ገና አሽታዋለች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱ፤ መለሱ፤ ደግመው አስኬዱ።

«ይቀረዋል።»

«የቱ ጋ?»

እጃቸውን ከእንጨቱ ላይ አነሡ።

«የቱ ጋ ነው አባዬ? ጣትህን አድርገህ አሳየኝ።»

«ፈልጊው።»

ያን ጊዜ የአራት ዓመት ብሶት ገነፈለባት። የያዘችውን ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ «እንግዲያው አንተው ጨርሰው! ላንተ እጅ የሚበቃ እንጨት ገና አልበቀለም!» ብላ በሩን ከኋላዋ ወርውራ ወጣች። አባቷ በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፋቸው አልተነሡም።

ወንድሟ በለቅሶተኛው መካከል እየተሹለከለከ መጥቶ አጠገቧ ቍጢጥ አለ። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ነገር ማሳጠር ይወዳል።

«እታለም፥ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ደውለው ነበር። እግዜር ያጥናችሁ ብለዋል። ልጆቹ ከነገ ወዲያ ወደ ላይኛው ፎቅ ይገባሉ። አሮጌው ብረት ስለ ተነቀለ፥ በጎደለው ቦታ ገመድ አስረዋል።»

«ገመድ? ለዓይነ ስውር ልጅ? በደረጃ ላይ?»

«ለዚያ እኮ ነው የምልሽ። ዕቃው አልቋል። ቫርኒሽ ለቅለቅ ላድርግበትና ዛሬውኑ ልውሰደው።»

«አላለቀም።»

«አይቼዋለሁ፤ ያብረቀርቃል እኮ!»

«የሚያብረቀርቅማ አንተ ሱቅ ሞልቷል» አለችና ብድግ አለች። አክስቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዙ።

«ወዴት ነው? የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ መጋዝ ልታነሺ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ብሏል፤ በር ላይ ተቀምጦ እያለ ነው» ብላ ቀሚሷን አስለቀቀችና በጓሮ በር ወደ ሥራ ቤቱ ገባች።

ሥራ ቤቱ ሰጋቱራና ኮላ ይሸታል። መደገፊያው ጥላው በሄደችበት ቦታ ጋደም ብሏል። አዲስ ብርጭቆ ወረቀት ቀደደችና ማሸት ጀመረች፤ ትንሽ ታሽና ትነካዋለች፥ ትነካና ታሻለች። የቱ ጋ እንደሚቀረው አታውቅም። የሚነግራትም ሰው የለም። የሚያንገበግባት ይህ ነበር፤ ከሞቱ ይልቅ፥ ስድብ ሆኖ ከተረፋት ከዚያ ቃል ጋር ብቻዋን መቅረቷ። ሁለት ጊዜ ብርጭቆ ወረቀቱን ጣለችው፤ ሁለት ጊዜ አነሣችው።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አባቷ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር አሰልፈው ጠርተዋት ነበር፤ የመስኮት መስታወት ቍራጭ፥ ቫርኒሽ የጠጣ ጣውላ፥ ከአያታቸው የወረሱት የመጥረቢያ እጀታ።

«ልስልሱ የቱ ነው?»

ልጅ ናትና መስታወቱን ነካች።

«እሱ ልሙጥ ነው። ልሙጥ የዓይን ቃል ነው፤ እንከን አይታይበትም፥ የሰው እጅ ግን አያውቅም።» ጣቷን ይዘው ወደ ጣውላው ወሰዱት። «ይህ ደግሞ የሚያዳልጥ ነው። የሚያዳልጥ ነገር ሲያዩት ያምራል፤ ሲደገፉት ይጥላል። እንዲህ ያለ ሰውም አለ፥ ስታድጊ ታገኝዋለሽ።» ከዚያ እጀታውን አስጨበጧት። ወይቧል፤ ሁለት ቦታም ጠቍሯል። መዳፏ ግን ከላይ እስከ ታች ሲወርድ የትም አልቆመም፥ ከየትም አልሸሸም።

«ልስልስ ይህ ነው፤ እጅ ሳይፈራ የሚሄድበት። ይህን ቃል በዚህ ቤት በከንቱ አንጠራውም። የሠራ እጅም ለራሱ አይመሰክርም፤ ሌላ እጅ ነክቶ ይመስክርለት።»

ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ሁሉ ይዛ ወደ አባቷ እጅ ትቀርብ ነበር። ‹ልስልስ ነው› ያሏት በጣት የሚቈጠር ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱን ከነቀኑ፥ ከነእንጨቱ ታስታውሰዋለች። እርሳቸው አርጅተው የሥራ ቤቱን ሸክም እርሷ ከተረከበች ወዲህ ግን፥ አራት ዓመት ሙሉ፥ ያ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ማታ ስታቀርብላቸው ‹ይቀረዋል›። በማግሥቱ ጠዋት ‹ለገዢው ላሳየው› ብለው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘውት ይወጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ይመለሱና ፊቷን ሳያዩ ‹ደህና ነው፥ ይሂድ› ይላሉ።

አንድ ጊዜ ፈትናቸው ነበር። ‹ይቀረዋል› የተባለውን የወንበር ጀርባ ጫፉን ሳትነካ አሳድራ፥ ጠዋት ‹አስተካክዬዋለሁ› ብላ ሰጠቻቸው። እኩለ ቀን ላይ ‹ደህና ነው› አሉ። በዚያን ቀን ልቧ ቈረጠ። ለካ ጕድለት አይተው አይደለም፤ እኔን ዝቅ ለማድረግ ነው፥ አለች። ይህንንም ለማንም ሳትናገር እንደ ስንጥር ከሥጋዋ ውስጥ ይዛው ኖረች።

የጓሮው በር ተንኳኳ። እናቷ ነበሩ፤ ነጭ ምርኵዝ የያዘች አንዲት ሴት በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ሴቲቱ የልጅቱ እኩያ ትመስላለች።

«የትምህርት ቤቷ መምህርት ናት» አሉ እናቲቱ። «ልታገኝሽ ፈልጋ ነው።»

«እግዜር ያጥናሽ» አለች መምህርቷ፤ እጇንም ዘረጋች። የአናጢዋን እጅ ስትጨብጥ አልለቀቀችውም፤ የጣቶቿን ጫፍ በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰች። «አንቺ ነሽ ማለት ነው። እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር።»

«እርስዎ ያውቁኛል እንዴ?»

«አንቺ በይኝ፤ እኩያሞች ነን። ሥራሽን አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አባትሽ እያመጡ አስነክተውኛል።»

አናጢዋ እናቷን አየች። እናቷ ወለሉን አዩ።

«መጀመሪያ የመጡ ዕለት» አለች መምህርቷ፤ «መንገድ የጠፋባቸው ሽማግሌ መስለውኝ ነበር። የወንበር መደገፊያ በብርድ ልብስ ጠቅልለዋል። ‹ልጄ፥ እጅሽ ያነባል ይባላል፤ እስቲ ይህን አንብቢልኝ› አሉኝ። ‹እርስዎስ ራስዎ አይነኩትም?› ብላቸው ‹የእኔ ጣቶች ዕውር ሆኑ› አሉኝ። እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

 ከወዲያ ማዶ የልብስ ሰፊው ድምፅ፥ ቀጥሎም የሰዎች ሳቅ ተሰማ።

«ስኳሩ ነው» አሉ እናቲቱ። «ከጣቱ ጫፍ ጀምሮ በላው። አራት ዓመት የሸሚዙን ቍልፍ የቈለፍኩለት እኔ ነኝ። መርፌ ብትወጊው ደሙን አይቶ ነው የሚያውቀው።»

«እማዬ! ታውቂ ነበር?»

«አስምሎኛል።»

«እኔ እዚህ ብርጭቆ ወረቀት ስበላ፥ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አስምሎኛል አልኩሽ እኮ! አናጢ እጁ ሲሞት ምን ይቀረዋል? ለልጁ ‹አይሰማኝም› ብሎ ይንገራት?»

ዓይናቸው የፈዘዘ አባቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ዳስሰው ለማወቅ መሞከራቸው ተነግሯል፤ እጁ የፈዘዘ አባት ግን የልጁን ሥራ በምን ይወቅ? አናጢዋ ይህን የምታሰላስልበት ልብ አልነበራትም። ወደ መምህርቷ ዞረች።

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ልስልስ ነው አልኳቸው። ‹እርግጠኛ ነሽ?› አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስነኩኝ። ከዚያ ‹የልጄ እጅ ነው› ብለው ጠቅልለው ወጡ። በመጡ ቍጥር እንዲሁ ነው፤ ሻይ እንኳ አይቀምሱም። ‹የልጄ እጅ ነው› ሳይሉ ግን ከበሩ አልፈው አያውቁም።»

«ለአንቺ!» አለች አናጢዋ። «ለአንቺ ተናገረ! ለእኔ ‹ይቀረዋል›፥ ለማላውቃት ሴት ‹የልጄ እጅ ነው›! ለእኔ ቢነግረኝ ምን ይነካው ነበር?»

«ማታ ስታመጪለት የቱን አውቆ ይንገርሽ?» አሉ እናቲቱ። «ልስልስ ነው ቢልሽ መዋሸቱ ነው። ይቀረዋል ብሎ ሌሊቷን ይገዛታል፤ ሲነጋ ወደ እሷ ይሮጣል።»

«እሺ፤ ከእሷ ከሰማ በኋላስ? እኩለ ቀን ላይስ? ያን ጊዜ ቃሉን ምን ቈለፈበት?»

«እኔም ይህንኑ ብዬዋለሁ። ‹በሰው እጅ ነክቼ በራሴ አፍ አልመሰክርም› አለኝ። ያንን ሕግ ያወጣው እሱ፥ የታሰረበትም እሱ።»

«ሕጉ ገደል ይግባ!» አለች ልጂቱ፤ ጠረጴዛውንም በመዳፏ መታችው። «ገደል ይግባ! አራት ዓመት እኮ ነው እማዬ። ጠላኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ፈትኜው ነበር፤ ሳልነካው ሰጥቼው ደህና ነው ሲለኝ፥ ሆነ ብሎ ነው ብዬ... የመጨረሻ ቃሌን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ። በሩም ተሰምቷል።»

 መምህርቷ ምርኵዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«አራተኛው ወደ እኔ አልመጣም» አለች። «እዚህ አለ?»

አናጢዋ የመምህርቷን እጅ ወስዳ እንጨቱ ላይ አኖረችው። መምህርቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው አድርጋ ከጫፉ ተነሣች። መዳፏ ከላይ፥ አራቱ ጣቶቿ ከጎን ታጥፈው፥ የደረጃ መደገፊያ እንደሚያዝ ያዘችው። ሄደች። ግማሹን አለፈች። አናጢዋ ታያታለች፤ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ አንድ ነገር ጠበቀ። ጫፉ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ሲቀር፥ እጁ ቆመ።

«እዚህ ጋ።»

«የት?»

«ከሥር ነው። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ።»

አናጢዋ መደገፊያውን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የእንጨቱ ጅማት በዚያ ቦታ ተገልብጦ፥ አውራ ጣት የምታህል ሸካራ ትቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ላዩንና ጎኑን ስታሽ፥ ከሥሩ ያለው ጭረት ተሰውሯት ኖሯል። ትንንሽ ልጆች ግን እጃቸው አጭር ነውና ከሥር ነው የሚይዙት።

ሳቋ መጣ። ደስ የማይል፥ ጕሮሮ የሚቧጥጥ ሳቅ ነበር።

«ይቀረው ነበራ! ሳያውቀው እውነቱን ተናገረ። አራት ዓመት ሙሉ ሲሳሳት ኖሮ፥ በተጣላንበት ቀን ልክ ሆነ!» ተንሸራታ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች። «አሁን በምን ልቈጣው? ሲሳሳት አልተቈጣሁት፥ ልክ ሲሆን ተቈጣሁት።»

እናቷ ሊያነሧት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልተነሣችም። መምህርቷ ስትሰናበት በሩ ላይ ቆም ብላ «ነገ መጥቼ ልንካልሽ?» አለች።

 «አትምጪ» አለች አናጢዋ። «ደረጃው ላይ ጠብቂኝ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቅሶተኛው ገና ሳይሰበሰብ ሥራ ቤት ገባች። አክስቷ ከሩቅ «ይቺ ልጅ ዐብዳለች!» ሲሉ ይሰማል፤ እናቷ ደግሞ «ተያት፥ ሥራዋን ትሥራ» ሲሏቸው። መደገፊያውን በጀርባው አስተኝታ የተገለበጠውን ጅማት በስለታም መፋቂያ ቀስ ብላ አወረደችው። አሸችው፤ አረሰችው፤ ደረቀ፤ ደግማ አሸችው። የሚመሰክርላት ሌላ እጅ አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ከሥር ወደ ላይ፥ ከላይ ወደ ሥር አስኬደች። ያመነችው ሦስት ጊዜ ከሄደች በኋላ ነው። እምነቱም ደስታ አልሰጣትም፤ ‹ይብቃ› አስባላት እንጂ።

ወንድሟ የቫርኒሽ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ገባ።

«መልሰው። ዘይት ብቻ ነው የሚጠጣው።»

«አያብረቀርቅም ታዲያ!»

«ልጆቹ አያዩት፤ ለማን ነው የሚያብረቀርቀው?»

ወንድሟ ቆርቆሮውን መሬት ላይ አኖረው። «እሱስ እውነት ነው» አለ። መኪናውን ሊያቀርብ ወጣ።

በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ገመዱን ፈትታ መደገፊያውን በአራት ብሎን አሰረችው። ከሦስተኛው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ በጥፍሯ ፈተሸች። መምህርቷ ከላይኛው ፎቅ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ምርኵዟን በብብቷ ይዛ፥ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ መውረድ ጀመረች። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ተሻገረች። ወደ አራተኛው ስትደርስ አናጢዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

እጁ አልቆመም። መምህርቷ እስከ ታች ወረደች፤ እግሯም ወለሉን አገኘ።

«የት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ።»

ቃሉን ትናገር ዘንድ አናጢዋ አልለመነቻትም፤ እርሷም አልተናገረችም። «ልጆቹን ልጥራቸው?» አለች ብቻ።

«ጥሪያቸው።»

ልጆቹ እየተንጫጩ መጡ። እርስ በርሳቸው እየተጋፉ፥ ‹ቀስ በል፥ ረገጥከኝ!› እየተባባሉ፥ ከሥርም ከላይም መደገፊያውን ይዘው ወጡ፥ ወረዱም። ማንም ስለ እንጨቱ ያወራ አልነበረም። አናጢዋ መሣሪያዋን ሰብስባ ወጣች።  ልቧ ገና አልበረደም ነበር። የምትጣላውን ሰው አጥታለች፤ ጠቡ ግን ከእርሷ ጋር ቀርቷል።

ቤት ስትደርስ ለቅሶተኛው ሳስቶ፥ የኪራይ ወንበሮቹ ግማሾቹ ተቈልለው ነበር። እናቷ በመኝታ ቤቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነይ ተቀመጪ። እጅሽን አምጪ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«አምጪ አልኩሽ።»

ሰጠቻቸው። እናቲቱ አውራ ጣቷን ይዘው ጫፉን በጥፍራቸው ጫን አደረጉ። «ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

ወደ ሌባ ጣቷ አለፉ። «ይሄስ?»

«ይሰማኛል። ምን ሆነሻል እማዬ?»

«ይሄስ?»

«ይሰማኛል አልኩሽ እኮ! ደክሞኛል፥ ልተኛ።»

እናቲቱ እንዳልሰሙ ሆነው አንዱን እጅ ጨርሰው ሌላውን ወሰዱ። ከአውራ ጣት ጀምረው፥ አንዱንም ሳይዘሉ፥ በእያንዳንዱ ላይ እየጠየቁ ሄዱ። ልጂቱም እየመለሰች ሄደች፤ መጀመሪያ በቍጣ፥ ኋላ በሹክሹክታ። ወደ መጨረሻዋ ትንሽ ጣት ሲደርሱ እናቲቱ ጫን አድርገው «ይሄስ?» አሉ።

 ልጂቱ የእናቷን ጣቶች በመዳፏ ውስጥ ሰብስባ ጨበጠች፥ አልለቀቀችምም።

ይህን ያነበብህ ሆይ፥ ይህንም ያነበብሽ፤ በቤታችሁ ያሉትን እጆች ሁሉ እግዚአብሔር ከነሕያውነታቸው ይጠብቅላችሁ፤ ሊነገር የሚገባውም ቃል ከደጃችሁ ውስጥ ሳይነገር አይደር። አሜን።